መቀመጫው ተቆጠረ፤ ሐሳቡን ማን ለካው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ርዕሱ ፖለቲካ ቢሆንም ዓላማዬ የአንዱን ፓርቲ ስም ማጥፋት፣ የሌላውን ማወደስ አይደለም። ሐዋሳ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ የታሪክ ጥያቄ ነው።

አራት ቁጥሮች ላስቀምጥላችሁ፦ 12፣ ከ170 በላይ፣ 1፣ 0።

እነዚህ 547 ወንበር ባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በ1992፣ በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች ያገኟቸው መቀመጫዎች ናቸው። በ1997 ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 ወንበር ነበራቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ መድረክ አንድ ብቻ ቀረችው፤ አንድ የግል ተወዳዳሪም አብረው ገቡ። በ2007 ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም ጠቅልለው ወሰዱ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሕዝብ ልብ በእርግጥ እንዲህ ይዘላል? በ1997 ለተቃዋሚ ድምፅ የሰጠው በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ? አንዱ «ከ1997 ግርግር በኋላ ሕዝቡ ፈራ» ይላችኋል። ሌላው «ድምፁ ተሰረቀ» ይላል። ሦስተኛው «መንገድና ትምህርት ቤት አየ፣ ረካ» ይላል። አራተኛው የምርጫ ሥርዓቱን ይጠቅሳል፤ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ የሚያልፍበት ሥርዓት ስለሆነ 40 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንድም ወንበር አለማግኘት ይቻላል። አራቱም ውስጥ እውነት አለ። የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን ግን በክርክር አይፈታም፤ ምክንያቱም በሁለት ምርጫ መካከል ሕዝቡን «ዛሬ ቢሆን ማንን ትመርጣለህ?» ብሎ በየወሩ እየጠየቀ መልሱን አደባባይ ያወጣ ገለልተኛ ተቋም አልነበረንም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደሚያደርገው አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ምሳሌው ሩቅ ነው፤ ግን ለእኛ የሚያስተምረው አለው።

ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። እዚያ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ከ1943 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. 42 ዓመት ያለማቋረጥ ገዛ። በ1985ቱ ምርጫ ከ125 ወንበር 52 አገኘ፤ ሊበራሎቹ 48፣ አዲሱ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ 25። ማንም ከግማሽ በላይ የለውም። አንደኛ የወጣው ፓርቲ ለጥቂት ሳምንታት ሞከረና በምክር ቤቱ የመተማመኛ ድምፅ ተነፍጎት ወደቀ። ሁለተኛ የወጡት ሊበራሎች ከሦስተኛው ጋር ለሁለት ዓመት በጽሑፍ ተፈራርመው በዴቪድ ፒተርሰን መሪነት መንግሥት መሠረቱ። ይህ ነው አናሳ መንግሥት የሚባለው፤ ከግማሽ በታች ወንበር ይዞ በሌላው ፈቃድ የሚገዛ።

እንዲህ ያለ መንግሥት በየቀኑ የሚያየው የሕዝብ አስተያየት መለኪያውን ነው። ድጋፉ ሲወጣ ምርጫ ለመጥራት ያስባል፤ ሲወርድ ከአጋሩ ጋር ይለሳለሳል። ፒተርሰን ድጋፉ ማደጉን አይቶ ስምምነቱ ባለቀ ማግስት በ1987 ምርጫ ጠራ፤ ከ130 ወንበር 95ቱን አፈሰ። ሲደግፈው የነበረው አጋሩ ወደ 19 ወረደ። እስከዚህ መለኪያው ትክክል ነበር። በ1990 ግን እንደገና ግማሽ ገደማ ድጋፍ አለኝ ብሎ ጊዜው ሳይደርስ ምርጫ ጠራ። ሕዝቡ «ያለምክንያት ለምን ትጠራናለህ?» አለና የቀድሞ አጋሩን ፓርቲ 74 ወንበር ሰጥቶ ሥልጣን ላይ አስቀመጠው። ፒተርሰን የራሱን ወንበር ሳይቀር አጣ። መለኪያ ያለው አገርም ይሳሳታል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ የት ላይ እንደተሳሳቱ ተመልሰው ማየት መቻላቸው ነው። መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ ወረቀት ላይ አለ።

ወደ እኛ እንመለስ። ሕገ መንግሥታችን ይህን ሁኔታ ጨርሶ አላሰበውም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አንቀጽ 56 የበላይነት ያገኘ አንድ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ቅንጅት መንግሥት ይመሠርታል ይላል። አንቀጽ 60 ደግሞ ጣምራ መንግሥት ተመሥርቶ በምክር ቤቱ የነበረውን አብላጫነት ቢያጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ እንደሚጋብዝ፣ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ እንደሚደረግ ይደነግጋል። ቆንጆ አንቀጽ ነው። ከ1987 ጀምሮ አንድ ቀን ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም።

ታዲያ ሐዋሳን በተመለከተ ፓርቲዎች የሚደራደሩበት፣ ድጋፍ የሚወጣበትና የሚወርድበት ፖለቲካ አልነበረም ማለት ነው? ነበረ እንጂ! ቦታው ነው የተለየው። ድርድሩ በፓርቲዎች መካከል መሆኑ ቀርቶ በአንድ ፓርቲ ሆድ ውስጥ ነበር።

የቀድሞው ደቡብ ክልል በሽግግሩ ዘመን ከክልል 7 እስከ 11 የነበሩትን አምስት ክልሎች አንድ ላይ ጨፍልቆ የተሠራ ነው። ከ50 በላይ ብሔረሰቦች ነበሩበት። በ1999ኙ ቆጠራ ትልቁ ሕዝብ ሲዳማ ከክልሉ አንድ አምስተኛ አይሞላም ነበር፤ ወላይታ 11 በመቶ ገደማ፣ ሀዲያ ከ8 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ። ከግማሽ በላይ የሚባል ሕዝብ የለም። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም የክልል ፕሬዚዳንት፣ ፓርቲው ሁሉንም ወንበር ቢይዝም፣ በሕዝብ ቁጥር ስሌት የአናሳ መሪ ነበር። ከወንበሩ ላለመውረድ የሌሎቹን ዞኖች ካድሬዎች ማስማማት ነበረበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ አበባን።

ይህን ይዛችሁ የፕሬዚዳንቶቹን ዝርዝር ስታዩ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። አባተ ኪሾ በ1993 የሕወሓት መሰንጠቅ ጊዜ ከተሸናፊው ወገን ቆመው ወረዱ፤ ታሰሩም። በቦታቸው ከወላይታ ኃይለማርያም ደሳለኝ መጡ። በዓመቱ የሐዋሳ አስተዳደር ጉዳይ ተነሣ፤ ከተማዋ ከሲዳማ ዞን ልትወጣ ነው የሚል ስጋት ሕዝቡን ወደ መንገድ አወጣው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ከከተማዋ ዳር ሎቄ ላይ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ። በቁጥሩ ላይ መንግሥትና የሲዳማ ወገኖች እስከዛሬ አልተስማሙም። ከምርጫ 97 በኋላም የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄ ሲያነሣ ከላይ በተደረገ «ማግባባት» ነገሩ ተያዘ፤ በ1998 ኃይለማርያም ወደ ፌዴራል ሄደው ከሲዳማ ሽፈራው ሽጉጤ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አያችሁ? በኦንታሪዮ በሕዝብ አስተያየት መለኪያና በምክር ቤት ድምፅ የሚሠራው ሥራ እዚህ በሰው ዝውውር ተሠራ። ሲዳማ ሲቆጣ ከሲዳማ ፕሬዚዳንት ይመጣል። ድጋፍ መለዋወጡን ገዥው ፓርቲ በሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያላወቀው ሕዝቡ ነው። የሐዋሳ ነጋዴ፣ የወንዶ ገነት ገበሬ፣ የሶዶ አስተማሪ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ከወሬ በቀር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከ1997 በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰበት። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበር 137ቱን አሸንፎ ሳይረከብ ቀረ፤ ያንን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኢሕአዴግ ከዚያ የተማረው አባል መመልመልን ነው። በ1997 760 ሺህ ገደማ የነበረው የአባላቱ ቁጥር በ2000 ከ4 ሚሊዮን አለፈ። በዚያው ዓመት በተደረገው የአካባቢ ምርጫ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበሮች ሲሞሉ የተቃዋሚው ድርሻ በጣት የሚቆጠር ነበር። ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ። ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ የመንግሥት ሥራው፣ ስብሰባው ሁሉ በአንድ ገመድ ተያያዘ። አንድ ለአምስት በተደራጀ ቀበሌ ውስጥ ከማያውቀው ጠያቂ ፊት ቆሞ «እኔ ገዥውን ፓርቲ አልደግፍም» የሚል ሰው ስንት ነው? እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ።

ይህ ጥያቄ በጥናትም ተነሥቷል። አፍሮባሮሜትር የሚባለው አፍሪካን የሚያዳርስ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ አጥኚዎቹን ራሳቸውን አስደነገጠ፤ ኢትዮጵያውያን አገራቸው ምን ያህል ዴሞክራሲያዊ እንደሆነች ሲጠየቁ ከአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ የሚመደብ ውጤት ሰጡ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ነገሩን ሲመረምሩ ያነሡት ጥያቄ፣ ይህ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው ወይስ ለዴሞክራሲ ያለን ትርጉም የተለየ ነው የሚል ነበር። አፍሮባሮሜትር በመጠይቁ መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልሃል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ አለው። ለእኔ ከመጠይቁ ሁሉ ብልሁ ጥያቄ እሱ ነው። ጠያቂውን መንግሥት ልኮታል ብሎ የሚያስብ ሰው የሚሰጠው መልስ በምን ሚዛን መታየት እንዳለበት ይጠቁማልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ሰኔ 2010 ላይ ሐዋሳ ውስጥ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ ብዙ የወላይታ ተወላጆችም ተፈናቀሉ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር መጥተው ሕዝቡን አወያዩ፤ የደኢህዴን ሊቀመንበርነትም ከሽፈራው ሽጉጤ ወደ ሙፈሪሃት ካሚል ዞረ። ሐምሌ ላይ የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ጥያቄው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል ይላል። ኤጄቶ የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ዓመቱን ቆጥሮ ቀኑን በግድግዳ፣ በቲሸርት፣ በፌስቡክ ላይ ጻፈው፦ 11/11/11። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። በዚያው ዓመት ወላይታ፣ ሀዲያ፣ ጉራጌ፣ ከፋ እያለ ከ10 በላይ ዞን ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ተሰለፈ።

በዚህ መሐል ደኢህዴን አንድ የሚገርም ነገር አደረገ። ምሁራንን አሰማርቶ በየዞኑ ሕዝቡ ስለ ክልሉ አደረጃጀት ምን እንደሚፈልግ አስጠና። ክልሉ ባለበት ይቀጥል ከሚለው ጀምሮ አማራጮች ቀረቡ። በደቡብ ታሪክ የሕዝብ አስተያየት ለመለካት የተደረገ ትልቁ ሙከራ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ግን ሁለት ነበር። አንደኛ፣ አስጠኚው ራሱ ባለጉዳዩ ነው፤ በሬው ራሱ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ሣሩ አይናገርም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ለሕዝብ የሚከራከርበት ሰነድ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በፓርቲው ስብሰባ ውስጥ ተብላላ። ሲዳማ ውስጥ ሰው ጥናቱን የሰማው «ጥያቄያችሁን ሊያዘገዩ ነው» በሚል ዜና መልክ ነው።

ምርጫ ቦርድ ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሕዝበ ውሳኔው በአምስት ወር ውስጥ እንደሚደረግ አሳወቀ። የሲዳማ ሽማግሌዎችና አመራሮች ለመጠበቅ ተስማሙ፤ ወጣቱ ግን ዓመት ሙሉ ያን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ሐምሌ 11 እና በተከታዮቹ ቀናት በሐዋሳና በዞኑ ከተሞች በብዙ ደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፤ ክልሉ በፌዴራል ኮማንድ ፖስት ሥር ገባ።

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ክብደት እዚህ ጋ ነው። የሕዝበ ውሳኔው ውጤት ሲመጣ ማንንም አላስገረመም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ በሻፌታና በጎጆ ምልክት መካከል መረጠ፤ ሻፌታ ክልል እንሁን፣ ጎጆ በደቡብ ክልል እንቀጥል። ከተመዘገበው ከ99 በመቶ በላይ ወጣ። 98.51 በመቶ ሻፌታ። የማያሻማ ነው። እንግዲህ ከሁለት፣ ከአምስት፣ ከአሥር ዓመት በፊት ታማኝ የሆነ፣ በየዓመቱ የሚደገም፣ ለሁሉም የሚታተም መለኪያ ቢኖርስ ኖሮ? በ1998 «ማግባባት» ይሠራል ብሎ የሚያምን ባለሥልጣን ምን ይል ነበር? በ2011 ጉዳዩን ለወራት ያጓተተው ሰውስ? ሞት ይቀር ነበር ብዬ አልምልም። የጥያቄውን መጠን አላወቅንም ነበር የሚለው ሰበብ ግን በእርግጥ አይኖርም ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። ሕዝበ ውሳኔው በተደረገ በ11 ቀኑ፣ ኅዳር 21፣ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ፤ ደኢህዴንም ፈረሰ። ሰኔ 2012 የሲዳማ ክልል ሥልጣኑን ተረከበ፤ ደስታ ሌዳሞ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ሲደረግ ብልጽግና በአገር ደረጃ በዚያ ዙር ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410 አሸነፈ፤ ከሲዳማ ለፌዴራል ምክር ቤት የሚላኩት በሙሉ የእሱ ሆኑ።

ልብ በሉ። ያ 98.51 በመቶ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ድምፅ ነው፤ ለፓርቲ አልነበረም። ጥያቄውን ለዘመናት ይዞ የኖረው የሲዳማ አርነት ንቅናቄና በጎዳና የተሸከመው ኤጄቶ ወንበር አላገኙበትም። ሲከላከል የነበረው ፓርቲ በአዲስ ስም መጥቶ መከሩን ሰበሰበ። ሰዉ በእርግጥ ብልጽግናን ወድዶ ነው? ክልሉን ላስረከበው እጅ አጸፋ ነው? ሌላ አማራጭ ስላላየ ነው? ሦስቱ ለገዥው ፓርቲም ሆነ ለተቃዋሚው እጅግ የተለያየ ትርጉም አላቸው። የወንበር ቆጠራ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ያሳያል።

ሐዋሳ ከተማ ራሷ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። በ1999ኙ ቆጠራ ከነዋሪዋ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲዳማ ነው፤ የቀረው አማራ፣ ወላይታ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌና ሌላም ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከየወረዳው የመጡ ሺዎች ተጨምረዋል። ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ያለው ሰው ክልሏ ሲቀየር ምን ተሰማው? በክልል ደረጃ የተደመረ ቁጥር ይህን አይነግራችሁም።

«እኛ እዚሁ ቴሌግራም ላይ በየቀኑ ምርጫ እናደርጋለን» የምትሉኝ አትጠፉም። ወዳጆቼ፣ እሱ ደስ የሚል ጨዋታ ነው እንጂ መለኪያ አይደለም። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ታዋቂ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመለሱትን መጠይቅ ቆጥሮ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ላንደን ከ48ቱ ግዛቶች ሁለቱን ብቻ አሸነፈ። ጋሉፕ በጣም ባነሰ ቁጥር፣ ግን በጥንቃቄ በተመረጡ ሰዎች፣ አሸናፊውን አወቀ። መልስ የሰጠው ሰው ብዛት ሳይሆን ማን እንዴት እንደተመረጠ ነው ቁም ነገሩ። የቻናሉ ተከታይ በራሱ ፈልጎ የመጣ ነው፤ ስልክ አለው፣ ዳታ አለው፣ አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። የአለታ ወንዶ ቡና ለቃሚ እናት እዚህ የለችም።

በሥርዓት ከተመረጡ ወደ 2,400 ሰዎች በጠቅላላው በሁለት በመቶ ገደማ ልዩነት እውነቱን ማግኘት ይቻላል። አፍሮባሮሜትር በታኅሣሥና ጥር 2012፣ ማለትም ከሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ወዲያው፣ ያን ያህል ሰው ጠይቆ ነበር። 61 በመቶው አገሪቱ ፌዴራል ሆና እንድትቀጥል ፈለገ። ፌዴራሊዝሙ በብሔር ይሁን ወይስ በመልክዓ ምድር ሲባል ግን 49 ለ48 ተከፈለ። እኩል በእኩል! በዚያ ሰሞን በቴሌቪዥን የሚጮኹት ሁለቱም ወገኖች «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ይሉ ነበር። ሁለቱም ግማሹን ይዘው ነበር።

እንቅፋቱ ብዙ ነው። የናሙና መነሻ የሚሆነው የሕዝብ ቆጠራ ከ1999 ወዲህ አልተደረገም፤ በ2011 የታቀደውም ተራዘመ። ፍርሃቱም አለ። ይሁን እንጂ መጠየቅ ለዚህ ምድር ባዕድ ነው እንዳትሉኝ። ሲዳማ ውስጥ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሽማግሌው ከመወሰኑ በፊት ነገሩ በሁሉም ጆሮ መድረሱን ይጠይቃል፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ሐላሌ፣ ማለትም እውነት፣ እስኪገኝ ይዞራል። ጉዱማሌ ላይ በፍቼ ጨምበላላ የሚሰበሰበውን ሰው ያየ ይህን ያውቃል። አፊኒ ስም አይደብቅም፣ ናሙናም አያወጣም፤ ስለዚህ ጥናትን አይተካም። ቢያንስ ግን ሳይጠየቁ መወሰን ነውር መሆኑን ያውቃል።

እኔ ብጠየቅ፣ ከፓርቲም ከክልል ቢሮም ውጭ የሆነ አካል፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች፣ በሲዳማ ክልል 1,200 ሰው በዕጣ መርጠው በሲዳምኛም በአማርኛም ቢጠይቁ፣ የሐዋሳን ለብቻ፣ የገጠሩን ለብቻ ቢያወጡ፣ «መልስ አልሰጥም» ያለውንም ሳይደብቁ ቆጥረው ቢያትሙ እላለሁ። በዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይድገሙት። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ አሰናድቼላቸዋለሁ፦ በኅዳር 2012 ድምፅ ሲሰጡ ከክልልነት ከጠበቁት ውስጥ እስካሁን የትኛው ደረሰልዎ፣ የትኛውስ ቀረ?